የኩርፊያ ርቀት

ባሌ ይግዛው መኪና ሲነዳ እኔ አጠገቡ ዝም ብዬ መቀመጥ አይሆንልኝም ነበር። እንዲህ ስል ቦርሳዬን አቅፌ አልፎ አልፎ «ቀስ በል» የምል ሴት እንዳልመስላችሁ። እኔ መንገዱን በሙሉ ነበር የምናገረው። ላም ካለች «ላም»፣ ባጃጅ ካለ «ባጃጅ»፣ ቄስ ጃንጥላ ይዘው ሲሻገሩ ካየሁ «አባ እየተሻገሩ ነው» እላለሁ። ገና ሩቅ ያለ፣ ለመሻገር ያላሰበ ውሻ እንኳ ከእኔ አያመልጥም። በዚህ ላይ ቀኝ እግሬ አለ። ከፊቴ ምንም ፍሬን እንደሌለ እያወቅሁ ወለሉን እረግጣለሁ። ከእንጅባራ ተነሥተን ዳንግላ ስንደርስ ደክሞት የሚወርደው የሹፌሩ እግር ሳይሆን የእኔ ነው።

እግሬን እንዲህ ያደረገው ሥራዬ ይመስለኛል። እንጅባራ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የሙሽራ ካባ እሰፋለሁ፣ የፈረስ ግልቢያው በዓል ሲደርስ ደግሞ ጋላቢዎች የፈረሳቸውን ልብስ ያሰፉኛል። ዕድሜዬን የገፋሁት የስፌት መኪና ስረግጥ ነው። ስለዚህ መኪና የተባለ ነገር አጠገብ ከተቀመጥሁ እግሬ ሥራ የፈታ አይመስለውም።

ይግዛው የድንች ዘር ነጋዴ ነው። የእኛ አገር ብርድና ዝናብ ሰውን ቢያማርርም ድንቹን ደስ ያሰኘዋል። በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች የዘር ድንች ይሰበስብና በአሮጌ ነጭ ፒካፑ ጭኖ ዳንግላ ያከፋፍላል። ፒካፗ ብዙ ጠባይ አላት። የእኔ በኩል ያለው በር ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይከፈትም። መስኮቷ በመዳፍ ተገፍቶ ነው የሚወርደው። ክላክሷ ደግሞ ከነጭራሹ ድምፅ የለውም።

ጠቡን ያመጣው ይኸው ክላክስ ነው። ጎረቤታችን ቤት ክርስትና ተጠርተን ተቀምጠን ሳለ አንዱ እንግዳ፣ «አቶ ይግዛው፣ ክላክስ በሌለው መኪና እንዴት ይነዳሉ?» ብሎ ጠየቀው። ይግዛው የያዘውን ጉርሻ ውጦ፣ ረጋ ብሎ፣ «ምን ያደርግልኛል? ባለቤቴን ይዤ ነው የምሄደው» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ሰው መሀል ምን ይደረጋል? ቤት ስንገባ ግን ሳቁን አቆምሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ በማግስቱ አንድ ውሳኔ ላይ ደረስሁ። ለዳንግላ ገበያ ስንወጣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ አንዲት ቃል አይወጣኝም። እስቲ ክላክስ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚነዳ እናያለን።

በገበያው ቀን ጠዋት ዘንቦ አባርቶ ነበር። አስፋልቱ እርጥብ ነው፤ ድንቹ እስከ አፍ ጢሙ ተጭኗል። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንደ ፎቶ ተቀመጥሁ። ከከተማ ስንወጣ ባጃጅ ከጎን ገባብን። ከንፈሬን ነከስሁ። ይግዛው ለጥቂት አለፈው። በግ መጣ፤ ዝም። የከሰል ጆንያ የተደረደረበት የመንገድ ዳር ላይ ሰዎች ቆመው ነበር፤ ዝም። ዝም ማለት እንዲህ ጉልበት እንደሚጨርስ የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት።

«ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ።

መልስ የለም።

«አመመሽ እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። አላየውም መሰለኝ። ጥቂት ሄደና፣ «ዛሬ መንገዱ ጭር ብሏል» አለ። አባብሎ ሊያናግረኝ ነው ብዬ አፌን ይበልጥ አጠበቅሁ። እሱ ግን ፊቱ እየፈካ መጣ። በአፍንጫው አንድ ዜማ ማንጎራጎር ጀመረ፤ ነዳጅም ጨመረ። ይግዛው ሲያንጎራጉር ከሰማሁት ቆይቷል። እኔ አኩርፌ እሱ መደሰቱ ይባስ አናደደኝ። ብናደድም ሰዓት ቆጣሪ የመሰለውን የፍጥነት መለኪያ እያየሁ ነበር፤ ቀስቷ እሷም ዜማውን የወደደችው ይመስል ወደ ቀኝ እያዘነበለች ትሄዳለች።

አዲስ ቅዳም ከተማ ከመድረሳችን በፊት አንድ ቁልቁለት አለ። ቁልቁለቱ ላይ ብቅ እንዳልን ከታች አንድ ጋሪ አየሁ። ድርቆሽ ከላይ እስከ ታች ተጭኖበት መንገዱን ይዞ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ከኋላ ሲታይ የሣር ክምር እግር አውጥቶ የሚጓዝ ነው የሚመስለው። አሁን ፍሬን ይይዛል ብዬ ጠበቅሁ። አልያዘም። ይኸኔ ይይዛል ብዬ ጠበቅሁ። ዜማውን ቀጠለ። እልሄና ነፍሴ ተያያዙ። እልሄ ጥቂት ታገለችና ተሸነፈች።

«ጋሪ» አልሁ።

ይግዛው ፍሬኑን ረገጠ። ጎማዎቹ መዞር አቆሙ። መኪናዋ ግን አልቆመችም። የጎማ መቆምና የመኪና መቆም እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። መኪናዋ በእርጥቡ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና እየተንሸራተተች ሄደች። ይግዛው መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው፤ ከአስፋልቱ ወረድን፤ ለምለም ሣር የበቀለበት ቦይ ውስጥ ገብተን በአፍንጫችን ተደፍተን ቆምን። እኛ ቆምን እንጂ ድንቹ አልቆመም። ከኋላ የተጫነው ጆንያ ፍሬን መያዙን ማንም የነገረው የለም፤ በመጣበት ፍጥነት ጉዞውን ቀጥሎ በጣሪያችን ላይ አለፈ። አንዱ ጆንያ ኮፈኑ ላይ ፈንድቶ ድንቹ አስፋልት ለአስፋልት ቁልቁል ተንከባለለ። ከፊሉ ጋሪውን ቀድሞ ወደ ዳንግላ ወረደ። በእውነቱ በዚያ ቀን በሰዓቱ የተጓዘ ድንቹ ብቻ ነው።

እጄን አየሁ፤ አለ። ይግዛውን አየሁ፤ መሪውን ጨብጦ ይተነፍሳል። በእኔ በኩል ያለው በር ከውስጥ አይከፈትምና እዚያው ታጉሬ ስቀመጥ ባለጋሪው ሮጦ መጥቶ ከፈተልኝ። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሏል። ፈረሱ መንገዱ ላይ ቆሞ አንዲት ድንች ያሸታል።

«ሰው ደኅና ነው?» አለ ባለጋሪው።

«ደኅና ነን» አልሁት።

ይግዛውን ደግፎ ካወጣው በኋላ፣ «ጋሼ፣ አላዩኝም እንዴ? ይህን ሁሉ ድርቆሽ ጭኜ?» አለው። የተቆጣ አይመስልም፤ ለማወቅ ፈልጎ ነው።

«በዚህ ጭጋግ እንዴት ልይህ?» አለ ይግዛው።

ባለጋሪው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። እኔም አየሁ። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ከማዶ ያለው የቤት ቆርቆሮ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ከቆርቆሮው በላይ የተቀመጠውን ቁራ ሳይቀር እያየሁ ነው።

«የቱ ጭጋግ?» አልሁት።

ባለጋሪው እኔን አየኝ፤ ከዚያ የሚያነሣው ድንች እንዳለው ሰው ቀስ ብሎ ሄደ።

እንጅባራ የምትኖሩ ታውቃላችሁ። በእኛ ከተማ አንድ ሰው «ዛሬ ጭጋግ ነው» ካለ ሌላው ወጥቶ አያጣራም። ስለዚህ ይግዛው «ዘንድሮ ጭጋጉ በዛ» ሲለኝ፣ «በዛ» እያልሁ ኖሬያለሁ። በጋ መጥቶ ጭጋጉ አለመሄዱን ሲያማርርም አየሩ ተለወጠ የሚሉትን ነገር ሰምቶ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ቦዩ ዳር ካልፈነዱት ጆንያዎች አንዱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልሁት።

«ምኑ?»

«ጭጋጉ።»

ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ከአቻምና ክረምት ይሆናል። ቀስ እያለ ነው የመጣው። ዛሬ ከትናንት አይለይም፤ አንድ ቀን ስነቃ ግን የሰው ፊት የለም።»

«እና እንዴት ነበር የምትነዳው?»

«አንቺ ትናገሪ ነበራ» አለኝ፤ ይኸ ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። «ላም ስትዪ እይዛለሁ። ባጃጅ ስትዪ ወደ ዳር እላለሁ። ዝም ስትዪ መንገዱ ባዶ ነው ብዬ ነዳጅ እሰጣለሁ። ዛሬ ከቤት ከወጣን ጀምሮ ዝም አልሽ። እንዲህ ያለ ባዶ መንገድ አጋጥሞኝ አያውቅም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ልስቅ ወይስ ላልቅስ የሚያሰኝ ነገር ሲገጥም እኔ ሁለቱንም ትቼ እቆጣለሁ። «ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

«መኪናዋን ትሸጪያታለሽ። ከዚያ በኋላ እኔ ምንድን ነኝ? ደጅ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚ የሚያይ ሽማግሌ ልሁን?» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ያውም አላየውም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልበላችሁ። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ መኪናዋን ገፍቶ አወጣልን፤ ድንቹንም ለቀመልን። ባለጋሪው «እኔ ከፊት እመራችኋለሁ» ብሎ እስከ አዲስ ቅዳም መራን። ይግዛው መሪውን ይዟል፣ እኔ ከድርቆሹ ዓይኔን ሳልነቅል «ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ» እላለሁ፤ ፈረሱ ሲቆም እንቆማለን፣ ሲራመድ እንራመዳለን። በዚያ ፍጥነት ሲሄዱ ደግሞ ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ መመለስ ነበረብን። አዲስ ቅዳም ዘመድ ግቢ መኪናዋን አቁመን በሚኒባስ ተመለስን።

ሐኪም ዘንድ ወሰድሁት። የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ ቀዶ የሚሠሩት ሐኪሞች ዳንግላ ሲመጡ ትጠራላችሁ ተባልን። ይግዛው ይኼን ሁሉ ጊዜ በሰው አፍ ሲነዳ ያልፈራ ሰው፣ ቀዶ የሚለውን ቃል ሲሰማ ላብ አጠመቀው። «ይቆይ» አለ። «ድንቹ ይሸጥና።» የዘር ወቅት ነው፤ ገበሬው ድንቹን አውጥቶ ይጠብቃል፤ ዳንግላ ያሉት ደንበኞች ይደውላሉ። ሹፌር ቀጠርን። መጀመሪያ የመጣው ልጅ መንገዱን እንደ ጠላት የሚያይ ነበር፤ ያደረሰው ድንች ለዘር ሳይሆን ለወጥ ነው የሚሆነው። ሁለተኛው የራሱን ጉዳይ እግረ መንገዱን ስለሚጨርስ ድንቹ ሲደርስ በቅሎ ነበር።

እኔ አንድ ቀን ከስፌት መኪናዬ ላይ ብድግ ብዬ፣ «መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው» አልሁ።

ይግዛው ድምፄ ወደመጣበት ዞረ። «አንቺ?»

«እኔ።»

ከዚያ፣ «በሩን ከውስጥ እንዲከፈት ላሠራልሽ» አለ። ከእሱ ይኼ ትልቅ ምርቃት ነው።

ማሠልጠኛው ውስጥ ሁሉም ልጆቼ የሚሆኑ ናቸው። አስተማሪያችን ሰለሞን ይባላል። ቀጭን ነው፤ ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም። ሰሌዳው ላይ አንድ መኪናና አንዲት ላም ሣለና፣ «አሽከርካሪው ላሟን አየ። መኪናው ወዲያው ይቆማል?» ብሎ ጠየቀ።

«ፍሬኑ ጥሩ ከሆነ ይቆማል» አለ ከኋላ አንዱ።

«አይቆምም» አልሁ እኔ። «መጀመሪያ ሚስቱ መናገር አለባት።»

ክፍሉ ሳቀ። ሰለሞን አልሳቀም። «እትዬ ያሉት ትክክል ነው ማለት ይቻላል» አለ። «ላሟን ባየንበትና እግራችን ፍሬኑን በነካበት መካከል ጊዜ አለ። ያን ጊዜ መኪናው አያርፍም፣ ይሄዳል። እሱ አንድ ርቀት ነው። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ደግሞ እስኪቆም የሚሄደው ሌላ ርቀት አለ። ሁለቱ ተደምረው ነው መቆሚያችን።» ከዚያ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን የመጀመሪያው ርቀት እጥፍ እንደሚሆን፣ ሁለተኛው ግን አራት እጥፍ እንደሚሆን ጻፈ። እርጥብ መንገድ ሲሆን ይረዝማል። ቁልቁለት ሲሆን ይረዝማል። ልጆቹ ይጽፋሉ። እኔ እጄን አጣምሬ የይግዛውን ዜማ፣ እርጥቡን አስፋልት፣ ያን ቁልቁለት አሰብሁ። ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ እኛ ነበርን። አንድ የጎደለ ነገር ብቻ ነበር። አሽከርካሪው ከማየቱ በፊት፣ ሚስቱ አይታ ሳትናገር መኪናው የሄደው መንገድ አለ። የኩርፊያ ርቀት። እሱን ማንም አልለካውም፤ ከሌሎቹ ከሁለቱም የሚበልጥ ግን ይመስለኛል። እጄን አውጥቼ ልናገር አስቤ ነበር፤ ልጆቹ ገና ስላላገቡ አይገባቸውም ብዬ ተውሁት።

ትምህርቱ እንዲህ ከገባኝ መንዳቱም ይቀለኛል ብዬ ነበር። እግሬን ረስቼው ነው። የስፌት መኪና እግርን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ነው የሚረግጡት። እኔም ነዳጅ መስጫውን በለመድሁት ምት ከፍ ዝቅ አደረግሁት። የማሠልጠኛው መኪና ወደፊት ትሰግዳለች፣ ቀና ትላለች፣ ትሰግዳለች።

«እትዬ» አለ ሰለሞን፣ ጭንቅላቱ ወዲያና ወዲህ እየሄደ፤ «እግርዎን ያሳርፉት። ይህችኛዋ ጫን ብለው እንዲይዟት ነው የምትፈልገው።»

ማቆሙ ደግሞ ባሰ። የስፌት መኪና ለማቆም በቀኝ በኩል ያለችውን ተሽከርካሪ ጎማ በመዳፍ መያዝ ነው። ሰለሞን «ያቁሙ» ሲለኝ ቀኝ እጄ እኔን ሳያማክር ሄዶ የሰለሞንን ጉልበት ጭምቅ አድርጎ ያዘው።

«እትዬ፣ እሱ ጉልበቴ ነው» አለ። «ፍሬኑ ከእግርዎ ሥር ነው።»

ደንግጬ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥሁት። መኪናዋ ቀጥ አለች። ሰለሞን ወደፊት ተወርውሮ በቀበቶው ተንጠለጠለ፤ ኮፍያው ሄዶ መስታወቱን መታ። አንሥቶ አራገፈና መልሶ ደፋው። «አሁን መኪናዋን አቁመዋታል» አለ። «እኔን ግን አላቆሙኝም። መኪናዋ ስትያዝ በውስጧ ያለነው በነበርንበት ፍጥነት እንቀጥላለን። ስለዚህ ቀስ ብለው ሲይዙ ሁላችንንም አብረው ይያዙን።» እኔ ድንቹን አሰብሁ። ለሰለሞን ግን አልነገርሁትም፤ ሰው ከድንች ጋር ሲወዳደር ደስ አይለውም።

ልምምዱ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ላይ ነው። በዓል ደርሶ ስለነበር ጋላቢዎችም እዚያው ፈረሶቻቸውን ያሟሙቃሉ። አንድ ቀን በሜዳው ዳር ዳር ቀጥ ብዬ ስነዳ ከጎኔ የፈረሰኛ ቡድን መጣ። ፈረሶቹ የለበሱት እኔ የሰፋሁት ነው፤ የአንዱ ጥልፍ ዘመም ብሎ ታየኝና እሱን ሳይ ዓይኔ ከመንገዱ ሸሸ። ጋላቢዎቹ ግን ሌላ ነገር ተረዱ። ሴትዮዋ ልትወዳደረን ነው ብለው ፈረሶቻቸውን ኮለኮሉ። እኔ ምንም አልጨመርሁም። መኪናዋ ግን ፈጠነች።

«ሰለሞን፣ ነዳጅ አልነካሁም» አልሁ።

«ቁልቁለቱ ነክቶልዎታል፣ እትዬ» አለ። እውነትም ሜዳው ወደ ታች ያዘነብላል። «እሱ ደግሞ ካልያዙት በየደቂቃው ይጨምርልዎታል እንጂ በቃኝ አይልም።»

ፈረሶቹ ከጎኔ ይጋልባሉ፤ ልብሳቸው ይወዛወዛል፤ ሰዎቹ ይጮኻሉ። ሜዳው መጨረሻ ላይ የቀርከሃ አጥር አለ። የሚገርመው ያኔ አልፈራሁም። አጥሩን ሳየው ጊዜዬንና ርቀቴን አብሬ አየኋቸው፤ ሰሌዳው ፊቴ የተዘረጋ ያህል ነበር። አሁን ካልያዝሁ የእኔ የምለው ርቀት ያልቃል። እጄን ወደየትም አላልሁም። ቀስ ብዬ ያዝሁ፣ ጨመር አደረግሁ፣ ማርሽ ቀነስሁ፣ ደግሞ ያዝሁ። የሰለሞን ኮፍያ ካለበት አልተነቃነቀም። የመኪናዋ አፍንጫ አጥሩን ነካ አድርጎ ቆመ፤ ቀርከሃው ሲጥ አለ፤ በሥሩ አንዲት ዶሮ ወጥታ አየችንና ተመልሳ ገባች።

ከጋላቢዎቹ አንዱ፣ ጢሙ ነጭ የሆነ ሰው፣ ፈረሱን ወደ መስኮቴ አስጠግቶ አጎነበሰ። «እትዬ፣ ለበዓሉ ይወጣሉ?» አለኝ። ቀልዱን አይደለም።

መንጃ ፈቃዱን አወጣሁ። ወድቄም አውቃለሁ፤ ወደ ኋላ መንዳት ላይ ነው የወደቅሁት፤ ስፌት ወደ ኋላ ሲሄድ ለመተርተር ካልሆነ አይጠቅምም። በሁለተኛው አለፍሁ። ድንቹን እኔ ማመላለስ ጀመርሁ፤ ይግዛው ከጎኔ ተቀምጦ ገበሬውንና ደንበኛውን በስልክ ያነጋግራል። ዝግ ብዬ ስለምነዳ ድንቹ እንደ እንቁላል ነው የሚደርሰው ተባለልኝ።

ከዚያ ከዳንግላ ተደወለ፤ ሐኪሞቹ መጥተዋል። የዚያን ዕለት ጠዋት ይግዛው ጫማውን ለማሰር ረዥም ጊዜ ፈጀ። አዲስ ቅዳምን ስናልፍ፣ «ባይሆንስ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ከፍተው አይተው ባይሆንስ?»

ምን ይባላል? ሐኪም አይደለሁም። «እኔ እነዳለኋ» አልሁት። «ደግሞ አስቀያሚ ሹፌር አይደለሁም።» እጁን ከጉልበቱ አንሥቶ መቀመጫው ላይ፣ በእኔ በኩል አሳረፈው።

ሁለቱንም ዓይኖቹን በየተራ ነው የሠሩለት፤ ዝርዝሩን ልተወው። የመጨረሻውን ፋሻ ያነሡለት ቀን እኔን ትኩር ብሎ አየኝ። ነርሷ «ምን ታየዎት?» ብትለው፣ «ባለቤቴ ከሳች» አለ። አልከሳሁም። ሲያየኝ ከረመ ብዬ የማስበው ሰው ለካ ትዝታውን ነበር ሲያይ የቆየው። መነጽር አድርጎ ወደ መኪናው ስንሄድ ሹፌር ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይሆን ብዬ ቁልፉን በእጄ አንከባለልሁ። እሱ ዞሮ በሌላው በኩል ገባ።

መንገዱን ሙሉ ፊቱን ከመስኮቱ አላነሣም። ስለ አነዳዴ አንድ ነገር እስኪለኝ ጠበቅሁ፤ አላለም። እንጅባራ ልንገባ አንድ ዳገት ላይ ስንደርስ፣ «አቁሚልኝ» አለ። ምልክት አሳይቼ፣ መስታወት አይቼ፣ ልክ ሰለሞን እንዳስተማረኝ ወደ ዳር ወጥቼ አቆምሁ። ሞተሩን አጠፋሁ። ወርደን ተራራውን ፊት ለፊት አየነው። ዱሮ የጤፍ ማሳ የነበረው ኮረብታ ሁሉ ዛፍ ሆኗል፤ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ከሥር እስከ ጫፍ ሞልቶታል፣ ነፋሱ ሲያጎነብሰው አንድ ላይ ያጎነብሳል።

«ይኼ ሁሉ መቼ በቀለ?» አለ ይግዛው።

«ቀስ ብሎ ነው» አልሁት።

«የአያ ፈንታሁን ማሳ የቱ ጋ ነበር?» በጣቴ አሳየሁት። «ምንጩስ?» እሱንም አሳየሁት። ቆመን አየን። ከኋላችን አንድ ሚኒባስ አለፈ። እኔ ከሚጨሰው የከሰል ማክሰያ በላይ ያለውን የድሮ መንገድ እየፈለግሁለት ነበር። ይግዛው ትከሻዬን በሁለት ጣቱ ነካ አደረገኝ።

«መኪናሽ እየሄደች ነው» አለኝ።

ዞርሁ። ፒካፗ ማንም ሳይነካት በቂጧ ቁልቁል መውረድ ጀምራለች፤ መጀመሪያ የማይታወቅ ያህል፣ ቀጥላም ቸኮል እያለች። የእጅ ፍሬኑን አልሳብሁትም ነበር። ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥሁ፤ በሩን ይዤ ዘልዬ ገባሁና ፍሬኑን ተከልሁት፤ ቦዩ አፍ ላይ ቆመች። የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ። ድጋሚ ሳብሁት። መሪው ላይ ተደገፍሁ።

ይግዛው በዝግታ መጣ። መንገዱን ለብቻው ነበር የሚራመደው፤ ግራ ቀኙን አየ፣ አንድ ብስክሌተኛ አሳለፈ፣ አንድ ድንጋይ ተሻግሮ ረገጠ። በሩን ከፍቶ ገባና ቀበቶውን አሰረ። የሆነ ነገር እንዲናገር ጠበቅሁት።

«ንጂ» አለኝ።